የኬፕ ቨርዴ ቡድን ከየት መጣ?

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ኬፕ ቨርዴ በዋና ከተማዋ በፕራያ ኢስዋቲኒን 3ለ0 ረትታ ለዓለም ዋንጫ ስታልፍ፣ ወሬው የተሰማው እንደ ተአምር ነበር። አገሪቱ የሕዝቧ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮንን በጥቂቱ የሚያልፍ፣ ስፋቷም አራት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የደሴቶች ስብስብ ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእሷ ባነሰ ሕዝብ ለዓለም ዋንጫ የበቃችው አይስላንድ ብቻ ነበረች። ከአንድ ወር በኋላ ኩራሳዎ መጥታ በትንሽነቷ ሁለቱንም አስከነዳች።

ተአምር ነው ብሎ ማለፍ ግን ይህን ቡድን አለማወቅ ነው። የምድቡን ሰንጠረዥ ብቻ ማየት ይበቃል፤ አስር ጨዋታ፣ ሰባት ድል፣ ሁለት አቻ፣ አንድ ሽንፈት፣ 23 ነጥብ። ስምንት ጊዜ በዓለም ዋንጫ የተሳተፈችው ካሜሩን በ19 ነጥብ ሁለተኛ ሆናለች። የተሳታፊዎች ቁጥር ከ32 ወደ 48 ማደጉ፣ የአፍሪካም ቀጥታ ኮታ ከአምስት ወደ ዘጠኝ ከፍ ማለቱ ኬፕ ቨርዴን እንደረዳት አይካድም። በድሮው አሠራር የምድቡ አሸናፊ ገና አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ይጠብቀው ነበር። ሆኖም በአዲሱም አሠራር በቀጥታ የሚያልፈው የምድቡ አንደኛ ብቻ ነው፤ አንደኛ ለመሆን ደግሞ ካሜሩንን መብለጥ ግድ ነበር። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቡድኑን ለመረዳት መነሻው አገሪቱ ራሷ ናት። ደሴቶቹ አስር ሲሆኑ በአንደኛዋ ሰው አይኖርባትም። ከሴኔጋል ጠረፍ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አትላንቲክ ውስጥ ተቀምጠዋል። ፖርቱጋሎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲደርሱባቸው ባዶ ነበሩ፤ የዛሬው ሕዝብ ከሰፋሪዎቹና ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች የተገኘ፣ ክሪኦል የሚናገር ሕዝብ ነው። ዝናቡ አይታመንም። በ1940ዎቹ ብቻ ሁለት ታላላቅ ረሃቦች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጅተዋል። የተረፈው ተሰደደ፤ ቀድሞ በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ተሳፍሮ ወደ አሜሪካዋ ኒው ቤድፎርድ፣ በኮንትራት ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻዎች፣ በኋላም ወደ ሊዝበን ዳርቻዎች፣ ወደ ሮተርዳም ወደብና ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ዛሬ ከአገር ቤት ነዋሪው ይልቅ በውጭ የሚኖረው የኬፕ ቨርዴ ተወላጅ እንደሚበዛ ይገመታል።

ኳሱ የመጣው በሚንዴሎ ወደብ በኩል ነው። እንግሊዞች ለመርከቦቻቸው የድንጋይ ከሰል ማከማቻ እዚያ ነበራቸው፤ ክሪኬትንም እግር ኳስንም ይዘው የመጡት እነሱ ናቸው። ነጻነት በ1975 መጣ፤ የፊፋ አባልነት ግን 1986 ድረስ ቆየ። በመካከሉ ያለው ዘመን ብዙ የሚነገርለት አይደለም። ቡድኑ የሚጫወተው በአብዛኛው በምዕራብ አፍሪካው የአሚልካር ካብራል ዋንጫ ነበር፤ ዋንጫው የተሰየመው ነጻነቱን ሳያይ በ1973 በተገደለው የትግሉ መሪ ስም ነው። ኬፕ ቨርዴ ይህን ዋንጫ በ2000 በገዛ ሜዳዋ አነሳች። በዚያው ዓመት በፊፋ ደረጃ 182ኛ ድረስ ወርዳ ነበር። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችውም ያኔ ነው፤ አልጄሪያ ወዲያው አሰናበተቻት።

የአገር ውስጡ ሊግ ብቻውን ከዚህ ሊያወጣት አይችልም ነበር። ሰው የሚኖርባቸው ዘጠኙ ደሴቶች የየራሳቸውን ውድድር ያካሂዳሉ፤ ሳንቲያጎና ሳንቶ አንታኦ ሰሜንና ደቡብ ተብለው ስለሚከፈሉ ሊጎቹ አስራ አንድ ይሆናሉ። አሸናፊዎቹ በመጨረሻ ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ይገናኛሉ። ሳምንት በሳምንት የሚካሄድ አንድ አገር አቀፍ ሊግ ይኑር ቢባል አንድ ክለብ በየሳምንቱ አውሮፕላን ወይም መርከብ መሳፈር ሊኖርበት ነው፤ ያን ወጪ የሚችል ክለብ የለም። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ሲገኝ ወደ ፖርቱጋል ይሄዳል።

ትልቁ ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የስዊድኑ ሄንሪክ ላርሰን አባቱ ኬፕ ቨርዳዊ ናቸው። ፈረንሳይን ለዓለም ሻምፒዮንነት ካበቁት አንዱ የሆነው ፓትሪክ ቪዬራ እናቱ ከዚያው ናቸው። የፖርቱጋሉ ናኒም የዚያው ዘር ነው። በ2010 የዓለም ዋንጫ ስዊዘርላንድ ስፔንን 1ለ0 ስታሸንፍ ጎሏን ያስቆጠረው ጄልሰን ፈርናንዴስ ደግሞ ፕራያ ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ ስዊዘርላንድ የሄደ ነው። (ዕጣው ለኬፕ ቨርዴ የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ጨዋታዋ ተጋጣሚ አድርጎ የሰጣት ያችኑ ስፔንን ነው።) እነዚህ ልጆች ባደጉበት አገር ቢጫወቱ የሚወቅሳቸው የለም። ነገሩ የሚያሳየው በተሰደደው ሕዝብ መካከል ምን ያህል ኳስ ተጫዋች እንደነበረ ነው።

ሁለት ነገሮች ሁኔታውን ለወጡት። አንደኛው የፊፋ ደንብ ነው። ቀድሞ ለአንድ አገር የወጣት ቡድን የተጫወተ ሰው ወደ ሌላ አገር መዞር የሚችለው 21 ዓመት ሳይሞላው ብቻ ነበር። በ2009 ይህ የዕድሜ ገደብ ተነሳ፤ በዋናው ቡድን ይፋዊ ጨዋታ እስካላደረገ ድረስ በማንኛውም ዕድሜ መዞር ተፈቀደ። በ2020 ደግሞ ደንቡ ይበልጥ ላላ፤ በወጣትነቱ ለዋናው ቡድን ጥቂት ይፋዊ ጨዋታ ያደረገም ቢሆን በተወሰነ ሁኔታ መቀየር ይችላል። የሆላንድን ወይም የፈረንሳይን ማሊያ በ17 ዓመቱ ለብሶ በ23 ዓመቱ ለተረሳ ልጅ ይህ የተከፈተ በር ነው።

ሁለተኛው የዜግነት ሕጓ ነው። ኬፕ ቨርዴ ወላጁ ወይም አያቱ የዚያ ተወላጅ ለሆነ ሰው ዜግነት ትሰጣለች፤ ሌላ ፓስፖርት መያዙን እንደ ጥፋት አትቆጥረውም። እዚህ ላይ ከእኛ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው «ቢጫ ካርድ» የሚባለው መታወቂያ ብዙ መብት ያስገኛል፤ በፊፋ ዘንድ ግን ዜግነት ስላልሆነ አያጫውትም። በስቶክሆልም ወይም በዋሽንግተን ያደገን ልጅ ዋልያዎቹ «ለምን አያመጡትም?» የሚለው የዘወትር ጥያቄያችን ከፌዴሬሽኑ በፊት ሕጉን የሚመለከት ነው።

ሕጉ ቢፈቅድም ልጁን ፈልጎ ማግኘት ሥራ ይጠይቃል። የደብሊኑ ተከላካይ የሮቤርቶ ሎፔዝ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። በቅጽል ስሙ ፒኮ የሚባለው ይህ የሻምሮክ ሮቨርስ ተጫዋች አየርላንድ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ ኬፕ ቨርዳዊ የሆኑ ሰው ነው። የወቅቱ አሰልጣኝ ሩይ አግዋስ በሊንክዲን በፖርቱጋልኛ መልእክት ላኩለት። ቋንቋውን አያውቅምና ተራ ማስታወቂያ መስሎት ተወው። ከወራት በኋላ ዳግመኛ ሲጽፉለት የመጀመሪያውን መልእክት አስተርጉሞ አነበበና ጥያቄው ለብሔራዊ ቡድን እንደነበር ገባው። ከ2019 ጀምሮ የኋላ መስመሩ ምሰሶ ነው። ባለሀብት ፌዴሬሽን ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ በሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ ተከላካይ ያስሳል ብዬ አላስብም፤ ድህነትም አንዳንዴ ዘዴ ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ቡድኑን የስደተኛ ልጆች ስብስብ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። አጥንቱ የተሠራው ደሴቶቹ ላይ ነው። በ2012 አሰልጣኙ ሉሲዮ አንቱኔስ የሚባሉ፣ መደበኛ ሙያቸው የአውሮፕላን በረራ ተቆጣጣሪነት የሆነ ሰው ነበሩ። ቡድናቸው ካሜሩንን በፕራያ 2ለ0 አሸንፎ፣ በያውንዴ 2ለ1 ቢሸነፍም በድምር ውጤት ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ያ የ2013 ውድድር ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ የተመለሰችበት ነው። ዋልያዎቹ ከምድባቸው ሳያልፉ ሲመለሱ፣ «ሰማያዊ ሻርኮች» የሚባሉት ኬፕ ቨርዳውያን ከአዘጋጇ ደቡብ አፍሪካና ከሞሮኮ አቻ ወጥተው፣ አንጎላን በኤልዶን የጭማሪ ሰዓት ጎል 2ለ1 አሸንፈው ሩብ ፍጻሜ ገቡ፤ እዚያ ጋና 2ለ0 አስቀረቻቸው። ግብ ጠባቂው ቮዚንያ፣ ሪያን ሜንዴስና ስቶፒራ ያኔ የነበሩ፣ ደሴቶቹ ላይ የተወለዱ ናቸው። ከአስራ ሁለት ዓመት በኋላም እዚያው ቡድን ውስጥ ነበሩ።

በዚያው በ2013 የሆነውን ግን የአገሬው ሰው ዛሬም የሚረሳው አይመስለኝም። ለ2014 የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኬፕ ቨርዴ በመጋቢት በኢኳቶሪያል ጊኒ 4ለ3 ተሸንፋ ነበር። ሦስት ጎል ያስቆጠረው ኤሚሊዮ ንሱዌ ለመጫወት ብቁ ስላልነበረ ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ 3ለ0 ፎርፌ ሰጣት። በመስከረም ራዴስ ላይ ቱኒዚያን 2ለ0 ስታሸንፍ የምድቡ አንደኛ ሆና ወደ መጨረሻው የደርሶ መልስ ዙር ማለፏ ተነገረ፤ ሕዝቡም አደባባይ ወጣ። ደስታው አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። ተከላካዩ ፈርናንዶ ቫሬላ በዚያው በኢኳቶሪያል ጊኒ ጨዋታ በቀይ ካርድ ወጥቶ አራት ጨዋታ ተቀጥቶ ነበር። የጨዋታው ውጤት ተሰርዟል፤ ቅጣቱ ግን አልተሰረዘም። ቅጣቱን ሳይጨርስ ቱኒዚያ ላይ ተሰለፈ። ፊፋ ድሉን ለቱኒዚያ 3ለ0 አደረገው። በፎርፌ ያገኘችውን በፎርፌ አጣች። ቱኒዚያም ካሜሩን ላይ 4ለ1 ተሸንፋ ቀረች።

የእኛ አንባቢ ይህን በደንብ ይረዳዋል። በዚያው ማጣሪያ ኢትዮጵያም ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትን ምንያህል ተሾመን ቦትስዋና ላይ አሰልፋ ሦስት ነጥብ ተቀምታለች። እኛ ስህተቱን የሚያካክስ ነጥብ ስለነበረን እስከ ናይጄሪያው ጨዋታ ደረስን። ኬፕ ቨርዴ ግን አንድ ሰው መዝገብ ገልጦ ባለማየቱ ብራዚልን የማየት ተስፋዋን አጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ወጣ ገባ ነው። በየካቲት 2014 በፊፋ ደረጃ 27ኛ ደርሳለች። በ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ፣ ሳትሸነፍ፣ እንደ እሷው ሦስት አቻ ባላት ኮንጎ ኪንሻሳ ባስቆጠሩት ጎል ብዛት ተበልጣ ተሰናበተች። ጥቂት ቆይታ ዋና ዋና ኮከቦቿን ያላሰለፈችውን ፖርቱጋልን በገዛ ሜዳዋ 2ለ0 አሸነፈች። የሚቀጥሉትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች ግን አልደረሰችባቸውም።

በ2020 መጀመሪያ ቡድኑን የተረከቡት ቡቢስታ ናቸው። ስማቸው ፔድሮ ብሪቶ ሲሆን የቀድሞ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ናቸው። ጥር 2022 በያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም የገጠሙን እሳቸው ያዘጋጁት ቡድን ነው። ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጁሊዮ ታቫሬስ ከእረፍት በፊት በነበረው ጭማሪ ሰዓት በጭንቅላት አገባ፤ 1ለ0 አለቀ። የሰው ብልጫ ያለው ቡድን ያገኘውን አንድ ጎል ሳይቸኩል ማስጠበቁ ዋናው ጠባዩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኮትዲቯር ጋናን 2ለ1፣ ሞዛምቢክን 3ለ0 አሸንፎ፣ ከግብጽ 2ለ2 ተለያይቶ ምድቡን መራ። ሩብ ፍጻሜው ላይ የደቡብ አፍሪካው ሮንዌን ዊሊያምስ አራት መለያ ምቶች ባያድንበት ግማሽ ፍጻሜ ይገባ ነበር።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ከዚህ ድል ይልቅ ተከትሎት የመጣው ውድቀት ነው። ለ2025 የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ይኸው ቡድን ከግብጽ፣ ከቦትስዋናና ከሞሪታኒያ በታች የመጨረሻ ወጣ። ከዚያ በፊት በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ በያውንዴ 4ለ1 ተደቁሷል። በአህጉራችን ልማድ ይህ ለማሰናበት ከበቂ በላይ ምክንያት ነው። ፌዴሬሽኑ ግን ቡቢስታን አላሰናበተም። በ2025 ቡድኑ ሞሪሸስን ሁለት ጊዜ፣ አንጎላን በሉዋንዳ በዴይሎን ሊቭራሜንቶ ሁለት ጎሎች፣ ካሜሩንን ደግሞ በፕራያ በዚሁ የሮተርዳም ልጅ ጎል 1ለ0 አሸነፈ። ትሪፖሊ ላይ 3ለ1 ከተመራ በኋላ አካክሶ 3ለ3 ወጣ፤ በመጨረሻ ያገባው ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ባይሻር እዚያው ያልፍ ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ፕራያ ላይ ሊቭራሜንቶ፣ ፈረንሳይ የተወለደው ዊሊ ሴሜዶና የ37 ዓመቱ ስቶፒራ አገቡ። ካፍም በዓመቱ መጨረሻ ቡቢስታን የአፍሪካ ምርጥ አሰልጣኝ አላቸው።

ከፊታቸው ያለው ችግር ግልጽ ነው። ቮዚንያ ቡድኑ ሲያልፍ 39 ዓመቱ ነበር፤ ሪያን ሜንዴስም ወጣት አይደለም፤ ደሴቶቹ ላይ ያደገው ያ ትውልድ እየተሰናበተ ነው። የሮተርዳምና የፓሪስ ልጆች ይመጣሉ፤ ነገር ግን ክሪኦሉንም ልማዱንም የሚያለምዳቸው የአገር ቤት ልጅ ከሌለ ቡድኑ ከኤርፖርት ወደ ኤርፖርት የሚሰበሰብ የእንግዶች ስብስብ ይሆናል። በዓለም ዋንጫው የሚሳተፍ እያንዳንዱ አገር ቢያንስ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። ለኬፕ ቨርዴ ፌዴሬሽን ይህ ከፍተኛ ገንዘብ ነው፤ የሚገባውም ለእነዚያ አስራ አንድ የደሴት ሊጎችና ለታዳጊዎቻቸው ነው። ለሌላ ነገር ከዋለ በ2012 ካሜሩንን የጣለውን ዓይነት ትውልድ ዳግም ማየት ይከብዳል።