በረዶ፣ ሰዓትና ዓሣ፦ በዓሣ ማቀነባበሪያ ውስጥ ያለው ድብቅ ሩጫ

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ፣ በኖርዌይ ምዕራባዊ የባሕር ጠረፍ በምትገኝ ከተማ የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል፣ በሰኔና በሐምሌ የዕረፍት ወራት በአንድ የዓሣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የማታ ሥራ አግኝቼ ነበር። ሥራዬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወለሉንና የፍሳሽ ማውረጃ ቦዮቹን በሳሙና አረፋና በክሎሪን ማጠብ፤ ሁለተኛው በየግማሽ ሰዓቱ ከመስመሩ አንድ ቁራጭ ዓሣ አንሥቶ የውስጡን ሙቀት በመርፌ ቴርሞሜትር መለካትና በመዝገብ ላይ ማስፈር። ቁጥሩ ዘወትር አንድ ዓይነት ነበር፤ 2፣ 2፣ 3፣ 2። የማይለዋወጥ ንባብ መልካም ንባብ መሆኑን ከፊዚክስ ሰው የተሻለ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም፤ ይሁንና ይሰለቻል። አንድ ምሽት ሦስት ንባቦችን ሳልለካ ጻፍኩ።

የፈረቃው ኃላፊ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ነበሩ። መዝገቡን አገላብጠው «በአራት ሰዓት ስንት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሁለት» አልኳቸው። ለካ ቴርሞሜትሩ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በእርሳቸው ክፍል፣ በበረዶና በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ለፍተሻ ተቀምጦ ኖሯል። አልተቆጡም። የዚያን ምሽት ምርት ሁሉ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ዓሣ፣ ተለይቶ እንዲቀመጥ አዘዙ፤ በማግሥቱም ለእንስሳት መኖ ተላከ። ዓሣው ደኅና ሳይሆን አይቀርም። ደኅና ስለመሆኑ የሚመሰክር ግን አልነበረም፤ መስካሪው እኔ ነበርኩና።

ለአንድ ዲግሪና ለአንድ ሰዓት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? ያኔ የተረዳሁት በከፊል ነበር። ዛሬ የሙቀት ፊዚክስ ሳስተምር ደጋግሜ የምመለስበት ምሳሌ ሆኗል።

ጤነኛ ዓሣ በሕይወት እያለ ሥጋው ከባክቴሪያ የጸዳ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በቆዳው ላይ ባለው ልጋግ፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ውስጥ ነው። ዓሣው ሲሞት መከላከያው ይፈርሳል፤ ቢላዋ ሆዱን ሲከፍተው ደግሞ የአንጀቱ ነዋሪዎች ወደ ሥጋው፣ ከሥጋው ወደ መክተፊያው፣ ከመክተፊያው ወደሚቀጥለው ዓሣ ይሻገራሉ። የዓሣ ሥጋ ከበሬ ሥጋ ይልቅ ልል ነው፤ ውሃው ብዙ፣ አሲድነቱም አነስተኛ ስለሆነ ለባክቴሪያ የተመቸ ማሳ ነው።

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። አንድ ባክቴሪያ በተመቸው ሁኔታ በየሃያ ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል እንበል። በአንድ ሰዓት 8፣ በሁለት ሰዓት 64 ይሆናል። እስካሁን የሚያስፈራ ነገር የለም። በሰባት ሰዓት ግን ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ዘወትር የሚጠይቁት «እንዴት እንግደለው?» የሚል ነው። የተሻለው ጥያቄ ሃያውን ደቂቃ እንዴት እናርዝመው የሚለው ነው። በሰባት ሰዓት ውስጥ ሃያ አንድ ጊዜ ከመከፈል ይልቅ ሁለት ጊዜ ብቻ ቢከፈል፣ አንዱ ባክቴሪያ አራት ሆኖ ይቀራል።

ይህን የሚያደርገው ቅዝቃዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ ታዝማኒያ ዴቪድ ራትኮውስኪ፣ ጁን ኦሊና ባልደረቦቻቸው በሙቀት መጠንና በባክቴሪያ ዕድገት መካከል ያለውን ዝምድና አጥንተው አንድ ቀላል ሕግ አገኙ። የዕድገቱ ፍጥነት ስኩዌር ሩት ከሙቀቱ ጋር በቀጥተኛ መስመር ይጨምራል። ከዚህ በመነሣት ለዓሣ የሚሠራበት ቀመር እንዲህ ይላል፦ የሙቀቱን ዲግሪ በ0.1 አባዛ፣ 1 ደምር፣ ውጤቱን በራሱ አባዛ። በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የብልሽት ፍጥነቱን 1 ብንለው፣ በ10 ዲግሪ 4፣ በ20 ዲግሪ 9፣ በ30 ዲግሪ 16 ይሆናል ማለት ነው። በ30 ዲግሪ የዋለ ዓሣ በአንድ ቀን ያባከነውን ዕድሜ፣ በበረዶ ውስጥ ያለው ዓሣ የሚያባክነው በአሥራ ስድስት ቀን ነው። የባከነው ዕድሜ ደግሞ በኋላ በማቀዝቀዝ አይመለስም።

በረዶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህን ሁሉ ሲወስድ ግን የራሱ ሙቀት ከ0 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም። በ25 ዲግሪ የወጣ 10 ኪሎ ዓሣ እስከ 0 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚወሰደው ሙቀት 875 ኪሎጁል ያህል ነው፤ በስሌት 2.6 ኪሎ በረዶ ይበቃል። በቆላ አገር ግን ባለሙያዎች ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዙ ይላሉ። ልዩነቱን የሚበላው ዓሣው አይደለም፤ በሣጥኑ ግድግዳ ሰርጎ የሚገባው የፀሐይና የአየር ሙቀት ነው። የሚቀልጠው ውሃም የራሱ አገልግሎት አለው፤ በዓሣዎቹ መካከል እየወረደ ልጋጉን ያጥባል፣ ቀዝቃዛ አየር ሊደርስ የማይችልበትን ክፍተት ሁሉ ይዳስሳል። ሣጥኑ ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ግን ያው ውሃ ደምና ቆሻሻ ተሸክሞ ከታች ያሉትን ዓሣዎች ይዘፈዝፋቸዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። ሙቀት ከዓሣው መሐል ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዓሣ በበረዶ ተከቦ መሐሉ ለመቀዝቀዝ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢፈጅበት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። ላዩን በእጅ ዳሶ «ቀዝቅዟል» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። መርፌው እስከ መሐሉ መግባት አለበት።

ይህ ሁሉ ምን ያህል የሰው ሕይወት እንደሚመለከት ለማሳየት ከጃፓን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1950 በኦሳካ አካባቢ 272 ሰዎች በምግብ ተመርዘው 20ዎቹ ሞቱ። የበሉት ሺራሱ የሚባል፣ ተቀቅሎ በከፊል የደረቀ የሰርዲን ጫጩት ነበር። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ፉጂኖ ፁኔሳቡሮ ከዚህ አደጋ እስከዚያ ድረስ የማይታወቅ ባክቴሪያ ለየ፤ ዛሬ ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ ይባላል። ቪብሪዮ የባሕር ነዋሪ ነው። ጨው ከሌለ አያድግም፤ በንጹሕ ጨው አልባ ውሃ ሲታጠብ ይሞታል፤ በፈላ ውሃም አይተርፍም። እንግዲህ በተቀቀለ ዓሣ ላይ ከተገኘ፣ ዓሣው ከድስት ከወጣ በኋላ ያረፈበትን ማስጫ፣ የነካውን ውሃና የነካውን እጅ መመርመር ግድ ይላል። የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው። በተመቸው ሁኔታ በአሥር ደቂቃ ያህል ጊዜ እጥፍ ይሆናል። መቶ ብቻ ሆነው የጀመሩ ቪብሪዮዎች በሦስት ሰዓት 26 ሚሊዮን ሊደርሱ ይችላሉ፤ ሰውን ለማሳመም በአብዛኛው መቶ ሺህና ከዚያም በላይ ይበቃል።

ጃፓኖች ጥሬ ዓሣ መብላታቸውን አልተዉም፤ ይተዉም ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚሁ ባክቴሪያ ሰበብ ከ800 በላይ የመመረዝ ክስተቶችና ከ12 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዝገቡ። እ.ኤ.አ. በ2001 መንግሥት ደንብ አወጣ። ዓሣ የሚታጠበው በንጹሕ ወይም በተጣራና በታከመ የባሕር ውሃ ብቻ ይሁን፤ በጥሬው የሚበላ ዓሣ ከ10 ዲግሪ በታች ይጓጓዝ፣ ይቀመጥም፤ በአንድ ግራም ውስጥ የሚገኘው ቪብሪዮ ከ100 አይብለጥ። በአሥር ዓመት ውስጥ የክስተቶቹ ቁጥር በዓመት ከ50 በታች ወረደ። ተመራማሪዎች ኋላ ዞረው ሲመረምሩ በባሕሩ ውስጥ ያለው ቪብሪዮ አልቀነሰም። ባክቴሪያው በነበረበት አለ። የተነጠቀው ጊዜውን ነው።

ታዲያ ቅዝቃዜ ሁሉን ይፈታል? አይፈታም። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የተባለው ባክቴሪያ በ0 ዲግሪ አካባቢ እንኳን ቀስ እያለ ያድጋል፤ ሌሎችን የሚገታ ጨውም ይቋቋማል። እኔ በየማታው የማጥበው ቦይ ይህን እንግዳ ለመከላከል ነበር። ሊስቴሪያ በብረትና በፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ ራሱ በሚያመነጨው ሙጫ ይሸፈናል፤ ክሎሪን የላይኛውን ሽፋን ሲመታ የታችኛው ይተርፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም፤ መጀመሪያ መፈግፈግ፣ ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ መለቅለቅ፣ በመጨረሻ ክሎሪን። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ቆሻሻውን ሲያቃጥል ኃይሉን ይጨርሳል።

እንዲህ ያለ ተጣባቂ የሚያስከፍለውን ዋጋ አውሮፓ አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት በዴንማርክ፣ በኢስቶኒያ፣ በፊንላንድ፣ በፈረንሳይና በስዊድን 22 ሰዎች በአንድ ዓይነት ሊስቴሪያ ታመሙ፤ አምስቱ ሞቱ። ታማሚዎቹ በአገርም በጊዜም የተራራቁ ስለነበሩ የሚያገናኛቸው ነገር አይታይም ነበር። የባክቴሪያው ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል ሲነበብ ግን ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ሆኑ፤ ፍለጋው በኢስቶኒያ ከሚገኝ አንድ ማቀነባበሪያ በወጣ በቀዝቃዛ ጭስ የታጠነ ዓሣ ላይ ቆመ። በቀዝቃዛ ጭስ የሚታጠን ዓሣ አይበስልም፤ ባክቴሪያ የሚገድል እሳት በመንገዱ ላይ የለም።

ማብሰልም ቢሆን ዘግይቶ ከመጣ ላይረዳ ይችላል። ቱናና ማኬሬል በሙቀት ሲውሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከሥጋቸው ሂስታሚን ያመርታሉ። ባክቴሪያው በእሳት ይሞታል፤ ሂስታሚኑ ግን ተቀቅሎም፣ ተጠብሶም፣ በቆርቆሮ ታሽጎም አይጠፋም።

የተመረተውን ሁሉ ቀምሶ ወይም መርምሮ ማወቅ እንደማይቻል የተረዱት ቀድመው የጠፈር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፒልስበሪ የተባለው የምግብ ኩባንያ ከናሳና ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ጋር ለጠፈርተኞች ምግብ ሲያዘጋጅ፣ ደኅንነቱን በመጨረሻ ምርመራ ለማረጋገጥ ቢሞከር አብዛኛው ምግብ በምርመራው ላይ ማለቁ ነው። መፍትሔው አደጋ ሊገባ የሚችልባቸውን ነጥቦች አስቀድሞ መለየት፣ ለእያንዳንዱ ገደብ መወሰን፣ ገደቡን በየጊዜው መለካትና መመዝገብ ሆነ። ሃሳፕ የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው፤ አሜሪካ ከታኅሣሥ 1997 ጀምሮ በባሕር ምግቦች ላይ ግዴታ አድርጋዋለች። እኔ የዋሸሁት መዝገብም የዚህ ሥርዓት አንድ ገጽ ነበር።

መዝገብ የሌለው ምን እንደሚደርስበት ለማየት ወደ ጎረቤቶቻችን እንሻገር። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ናይል ፐርች ወደ አውሮፓ በገፍ ይላክ በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በስፔንና በጣሊያን ጭነቶች ላይ ሳልሞኔላ ተገኘ። በዚያው ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ኮሌራ ስለተከሰተ የአውሮፓ ኅብረት በ1998 መጀመሪያ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ትኩስ ዓሣ እንዳይገባ ለወራት አገደ። በእኔ አስተያየት የኮሌራው ሥጋት ከመጠን በላይ የተጋነነ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በንግድ በሚገባ ምግብ ኮሌራ የመዛመቱ ዕድል አነስተኛ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ክርክሩን የሚረታው ዓሣው ሳይሆን ማስረጃው ነው። ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚጫንበትን መወጣጫ ንጽሕና፣ የበረዶውን መጠንና የውሃውን ጥራት የሚያሳይ ተከታታይ ሰነድ ለማቅረብ ያልቻለ አገር ዓሣው ንጹሕ ቢሆንም ገበያ ያጣል። ዓሣ አጥማጁም የዕለት ጉርሱን ያጣል።

ያው ናይል ፐርች በእኛም አገር በጫሞና በአባያ ሐይቆች አለ፤ እንዲያውም በቪክቶሪያ በሰው እጅ የገባ ሲሆን በእኛ ዘንድ የአገሩ ተወላጅ ነው። ሐይቆቻችን ጨዋማ ባሕር ስላልሆኑ የኦሳካው ቪብሪዮ አያሳስበንም። ከፍሳሽ፣ ከከብትና ከሰው የሚመጣ ሳልሞኔላ ግን ጨው አይጠይቅም። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ደግሞ ጭነቱ ይጨምራል፣ በረዶው ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ በአዋዜ የሚቀርበውን ጥሬ ዓሣ የሚወድ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እዚያ ከሐይቁ እስከ አፍ ያለው ጊዜ አጭር መሆኑ የሚረዳ ቢሆንም፣ የሚታጠብበትን ውሃና የሚከተፍበትን ጣውላ አይቶ መወሰን የእርሱ ፈንታ ነው። ዓሣውን ያልበሰለ ካልፈለገ የቤቱ ጉላሽና ጥብስ አለ።

በዩኒቨርሲቲያችንም ሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ ከቴርሞሜትሩ ይጀምር። የአዲስ አበባ ልጅ ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ልፈትሽ ቢል 100 ዲግሪ አያገኝም፤ በከተማችን ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና፣ ደኅናውን መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። በረዶ ግን ከፍታ አይገደውም፤ በእኛ ከፍታ የመቅለጫው ነጥብ የሚለወጠው ከአንድ መቶኛ ዲግሪ ባነሰ ነው። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ አድቅቆ በብርጭቆ መሙላት፣ ክፍተቱ እስኪሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ ማማሰል፣ መርፌውን ግድግዳውን ሳያስነኩ በመሐል አስገብቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። 0 ካላሳየ ልዩነቱን በወረቀት ጽፎ በመሣሪያው ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ኖርዌይ ውስጥ የፈረቃው ኃላፊ ክፍል ውስጥ የነበረው ብርጭቆም ይኸው ነበር፤ ከዚያ ምሽት በኋላ በየሳምንቱ የሚያዘጋጀው እኔ ሆንኩ።