በቤት የሚማር ልጅ ሒሳብ ሲያቅተው፦ መጽሐፉን በምን እንምረጥ?

ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ልጃችሁ "35" ብሎ ቢጽፍ ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን "ተሳስተሃል፤ ልብ ብለህ ሥራ" ብለን እናልፋለን። ልጁ ግን ልብ ሳይል ቀርቶ አይደለም። ከ2 ላይ 7 መቀነስ ሲያቅተው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰና 5 አገኘ። ከዚያ ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3 ጻፈ። ስሕተቱ የራሱ ሥርዓት አለው። አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሳየው ሰው ካላገኘ ይህን ስሕተት ከክፍል ወደ ክፍል ይዞት ይሄዳል።

በገነተ ማርያምና በላስታ ተራሮች የሚኖሩ ልጆች እንዲህ የሚያሳያቸው ሰው ለረጅም ጊዜ አጥተዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘጉ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ቁመቱ የአባቱ ትከሻ ላይ ቢደርስም ሒሳቡ ግን ገና ከመደመርና ከመቀነስ አላለፈ ይሆናል።

በሰሜን አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ልጅን በቤት ማስተማር ምርጫ ነው። ለላስታ ወላጅ ግን ምርጫ ሳይሆን የቀረለት ብቸኛ መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱም ወላጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ "ልጄ ሒሳብ አቅቶታል፤ በየትኛው መጽሐፍ ላስተምረው?"

እርግማን አይደለም

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። በአንዳንድ አማኞች ዘንድ ልጅ ትምህርት ሲከብደው "የተያዘ ነገር አለበት" ይባላል። ለልጃችን መጸለይ ተገቢ ነው፤ ጥበብንም ከጌታ እንለምናለን (ያዕ. 1:5)። ነገር ግን ከተማረው ይልቅ ያልተማረው የበዛ ልጅ ቁጥር ቢከብደው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚያስፈልገውም የሚያስተምረው ሰው ነው። ዓይኑ ሰሌዳውን በደንብ ያያል? ጆሮው ይሰማል? ቁርሱን በልቷል? እነዚህን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ዲስካልኩሊያ የሚባል፣ አእምሮ ቁጥርን በሚረዳበት መንገድ ላይ የሚከሰት ችግር ያለባቸው ልጆችም አሉ። እነርሱም በትዕግሥትና በሚዳሰስ ነገር ሲማሩ ይሻሻላሉ።

ልጁን "ደንቆሮ" ብሎ መጥራት ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ያስጠነቀቀው ልባቸው እንዳይዝል ነው (ቆላ. 3:21)። ልቡ የዛለ ልጅ የተሻለ መጽሐፍ ቢገዛለትም አይከፍተውም።

ከመጽሐፉ በፊት ልጁን ፈትኑ

መጽሐፍ የሚመረጠው በልጁ ዕድሜ ወይም በክፍሉ ሳይሆን ልጁ በቆመበት ቦታ ነው። ቦታውን ለማወቅ አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በእርጋታ፣ እንደ ጨዋታ አድርጋችሁ ጠይቁት፦

1. ከ20 ወደ 1 ወደ ኋላ ይቁጠር።
2. 8 ሲደመር 5 ስንት ነው? መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንዳገኘው ይንገራችሁ።
3. "ሦስት መቶ አምስት" ብሎ በቁጥር ይጻፍ።
4. ከ52 ላይ 27 ይቀንስ።
5. 6 ጊዜ 7 ስንት ነው? 24 እንጀራ ለ4 ሰው እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?
6. ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ ዳቦ የቱ ይበልጣል?

መጀመሪያ የተደናቀፈበት ጥያቄ የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው። 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከተሰናከለ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ይህ ለወላጅ ያሳፍር ይሆናል፤ ለልጁ ግን ዕረፍት ነው። ቤት በአሸዋ ላይ እንደማይሠራ ጌታ አስተምሮናል (ማቴ. 7:24-27)።

ጥሩ መጽሐፍ በምን ይታወቃል?

በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ አይብዛ። አንድን ነገር በሚገባ ሳያስጨርስ ወደ ሌላ አይዝለል። ያለፈውን ትምህርት ደጋግሞ ይከልስ። ለወላጁ መልሱን ብቻ ሳይሆን የማስተማሪያ መንገዱንም ያሳይ። ከሁሉም በላይ ከሚዳሰሰው ይጀምር። ልጅ መጀመሪያ በእጁ ይይዛል፤ ቀጥሎ ሥዕል ያያል፤ በመጨረሻ ምልክቱን ይጽፋል።

በእንግሊዝኛ ከተዘጋጁት መካከል ሦስቱ በሰፊው ይታወቃሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የሲንጋፖር ሒሳብ ከላይ የጠቀስነውን የእጅ፣ የሥዕልና የምልክት ቅደም ተከተል ይከተላል። የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን የነበሩት ጆን ሳክሰን የጀመሩት ሳክሰን ማት አዲሱን ነገር በትንሽ በትንሹ እየሰጠ አሮጌውን በየቀኑ ይከልሳል፤ ቶሎ ለሚረሳ ልጅ ይጠቅማል፤ የጥያቄው ብዛት ግን አንዳንዱን ያሰለቻል። ማት ዩ ሲ ደግሞ በቀለማት በተለዩ ቁርጥራጮች ያስተምራል፤ በአንድ መጽሐፍ በአንድ ርዕስ ላይ ስለሚቆይ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ ይመቻል። ሦስቱም ልጁ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ መመዘኛ ስላላቸው ከመግዛታችሁ በፊት ተጠቀሙበት።

በውጭ አገር ላላችሁ አንድ ምክር እንጨምር፦ በአማርኛም አስቆጥሯቸው። በእንግሊዝኛው "ኢለቨን" ውስጥ አስርም አንድም አይሰማም፤ "አሥራ አንድ" ግን ራሱ ትምህርት ነው።

በገነተ ማርያም ያለ ወላጅስ?

እነዚያን መጻሕፍት ማግኘት ባትችሉ ልጃችሁ ምንም አልቀረበትም። በክልሉ በአማርኛ የተዘጋጀውን የሒሳብ መጽሐፍ ከጎረቤት ተዋሱ፤ የልጁን ክፍል ሳይሆን የቆመበትን ክፍል ፈልጉ። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለስ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚጠብቀው በዚሁ ሥርዓተ ትምህርት ስለሆነ መንገዱ አይጠፋበትም።

ቁርጥራጮቹም በደጃችሁ አሉ። ቀጫጭን እንጨቶች ሰብስባችሁ አስር አስሩን በክር እሰሩ። 52 ማለት አምስት እስርና ሁለት ፍሬ ነው። ልጁ ከዚህ ላይ 7 ፍሬ እንዲያነሣ ጠይቁት። አይበቃውም፤ ስለዚህ አንዱን እስር ይፈታል። አሁን 12 ፍሬ አለው፤ 7 ሲያነሣ 5 ይቀራል። ከቀሩት አራት እስሮች ሁለቱን ሲያነሣ ሁለት ይቀራል። መልሱ 25 ነው። "መበደር" የምንለው ነገር ያን ጊዜ በእጁ ይገባዋል።

"ሦስት መቶ አምስት"ን 3005 ብሎ ከጻፈም አትቈጡት፤ የሰማውን ነው የጻፈው፦ 300 ከዚያም 5። የግዕዙን አኃዝ አሳዩት። ፫፻፭ ሲጻፍ "መቶ" የራሱ ምልክት አለው፤ ዜሮ የሚባል ግን የለም። በ305 ውስጥ ግን መቶ የሚታወቀው በቆመበት ቤት ነው፤ ዜሮውም ባዶውን የአስር ቤት ይጠብቃል። ማባዛትን ባቄላ በረድፍ በመደርደር፣ ክፍልፋይን ዳቦ በመቁረስ፣ ገንዘብን በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ አስተምሩ። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። ልጁ ከብት የሚጠብቅ ወይም ውኃ የሚቀዳ ከሆነ ሰዓቱን ከሥራው ጋር አስማሙ እንጂ በድካሙ ላይ አትጫኑት።

የቤተ ክርስቲያን ድርሻ

ያልተማረ ወላጅ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ወንድሞችና እኅቶች ያስፈልጋሉ። መካነ ኢየሱስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምሥራች ድምፅ በተባለው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠር ማንበብና መጻፍ ማስተማሯን እናስታውስ። ዛሬም 10ኛ ክፍል የደረሰች አንዲት የመዘምራን አባል ከአምልኮ በኋላ አምስት ልጆችን ሰብስባ እንጨት ማስቆጠር ትችላለች። የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ልጅም አብሮ ይቁጠር፤ ባልንጀራን መውደድ በዚህም ይታያል። በከተማና በውጭ ያላችሁ ደግሞ አንድ የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ በምትልኩት ሰው እጅ ላኩ።

በሦስት ወር ውስጥ ተአምር አትጠብቁ። በየአራት ሳምንቱ ያንኑ ስድስት ጥያቄ መልሳችሁ ጠይቁት። ትናንት 35 ያለው ልጅ ዛሬ እስሩን ፈትቶ 25 ካለ፣ መጽሐፉን በሚገባ መርጣችኋል። አመስግኑት፤ ጌታንም አብራችሁ አመስግኑ።

ጌታ ልጆቻችሁን ይባርክ።