የይለፍ ቃልን የሚተካው ቁልፍ፦ ፓስኪ ምንድን ነው? እንዴትስ እንያዘው?

ከነቀምቴና ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎና ሻምቡ ድረስ የአጥቢያዎቻችን መዝሙርና ስብከት ዛሬ በፌስቡክና በዩቲዩብ ይተላለፋል። የገጹ የይለፍ ቃል ግን ብዙ ጊዜ ለሦስትና ለአራት ሰው የተነገረ ነው። አንድ ቀን «ገጻችሁ ሊዘጋ ነው፤ እዚህ ገብታችሁ አረጋግጡ» የሚል መልእክት ይመጣል። ከአገልጋዮቹ አንዱ ደንግጦ ቃሉን ይጽፋል፤ ገጹም በአታላይ እጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ገንዘብ ይለመናል። ስለዚህ ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ምእመናን በእኛ ላይ ያላቸው እምነት ጉዳይ ነው።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ይጠይቁት ነበር። ኤፍሬማውያንን የለያቸው ቃሉን አለማወቃቸው አልነበረም፤ አፋቸው «ሲቦሌት» ከማለት በቀር አይችልም ነበርና ነው። የይለፍ ቃል ለሰው ሊነገር ይችላል፤ ስለሚነገርም ይሰረቃል። ፓስኪ ግን የሚነገር ቃል የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓስኪ ስትፈጥሩ ስልካችሁ አንድ ጥንድ ቁልፎች ያዘጋጃል። አንዱ ለድርጅቱ፣ ለምሳሌ ለጉግል ይሰጣል፤ ምስጢራዊው ግን በእናንተ ዘንድ ይቀራል። ለመግባት ስትፈልጉ ድርጅቱ ጥያቄ ይልካል፤ ስልካችሁ በጣት አሻራ ወይም በስክሪን መክፈቻችሁ ከተከፈተ በኋላ በምስጢራዊው ቁልፍ ይፈርማል። አሻራችሁ ከስልኩ አይወጣም። ቁልፉ ለተፈጠረበት ድረ ገጽ ብቻ ስለሚሠራ፣ የተመሳሰለ የሐሰት ገጽ ሊቀበለው አይችልም።

ጉግል ይህን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023፣ ዋትስአፕ በአንድሮይድ ላይ በጥቅምት 2023 ጀመሩ፤ ፌስቡክ ደግሞ በሰኔ 2025 ለሞባይል ስልኮች ማቅረቡን አስታወቀ።

ለእኛ አካባቢ ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በብዙ የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኢንተርኔት ከሌለ ፓስኪም አያስገባም። ሆኖም አጭር መልእክት የሚዘገይባቸው ጊዜያትና ሲም ካርድ የሚጠፋባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ፓስኪ ደግሞ በመልእክት የሚመጣ ኮድ አይጠብቅም።

እንግዲህ ስትጠቀሙበት እነዚህን ልብ በሉ፦

1. ስልካችሁን መክፈት የሚችል ሁሉ በፓስኪያችሁ ሊገባ ይችላል። የስክሪን መክፈቻውን ለጠጋኝም ቢሆን አትንገሩ። ቤተሰብ በጋራ በሚይዘው ስልክ ላይ ፓስኪ አትፍጠሩ።

2. በኢንተርኔት ቤት ወይም በቢሮ የጋራ ኮምፒውተር ላይም አትፍጠሩ። እዚያ መግባት ካስፈለገ በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን የኪውአር ምስል በስልካችሁ አንሥታችሁ መግባት ይቻላል።

3. ስልክ ይጠፋል፤ ይሰረቃልም። ጉግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፋችሁ ከስልኩ ርቆ በሚገኝ ቦታ ቆልፉባቸው። ስልኩ ከጠፋ በሌላ መሣሪያ ገብታችሁ ከአካውንቱ አስወጡት፤ ፓስኪውንም ሰርዙ።

4. ፓስኪ መፍጠር የድሮውን የይለፍ ቃል ሁልጊዜ አያጠፋም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከሆነ ዛሬውኑ ለውጡት።

5. የአጥቢያውን ገጽ በአንድ አካውንት አትጋሩ። ለሁለት ወይም ለሦስት ታማኝ ሰዎች በየራሳቸው አካውንት አስተዳዳሪነት ስጡ፤ እያንዳንዱም የራሱን ፓስኪ ይፍጠር። አንዱ አገልግሎቱን ሲለቅ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ስሙን ማንሣት ይበቃል።

በመጨረሻም ፓስኪ ሁሉን አይጠብቅም። ደውሎ የቴሌብር ወይም የባንክ ምስጢር ቁጥር የሚጠይቃችሁን ሰው ፓስኪ አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው አለመንገራችሁ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የአገልጋዮች ስብሰባ ይህን አንድ ጥያቄ አንሡ፦ የገጻችን ቁልፍ ዛሬ በማን እጅ ነው? መልሱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ከሌለ፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።