የሠርግዎ ዲቪዲ በአዲሱ ቴሌቪዥን ለምን ደበዘዘ?

ዛሬ በብዙዎቻችን ሳሎን ሰፊና ቀጭን ኤችዲ ቴሌቪዥን ይታያል። ሆኖም የሠርጉ ወይም የቆየው የመዝሙር ዲቪዲ ሲከፈት ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሰውም ወደ ጎን ተለጥጦ ይታያል። በዚህ ምክንያት "ዲስኩ ተበላሽቷል" ብለው ሊጥሉት የሚያስቡ አሉ። ነገር ግን በዚያ ዲስክ ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆቻችን ፊትና ድምፅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጣላችን በፊት ችግሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት።

ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለገበያ ሲቀርብ የየቤቱ ቴሌቪዥን ባለ ትልቅ ጀርባው ነበር። በአገራችን በሚሠራበት በፓል ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ አንዱ ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥቦች አሉት። ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ግን 1920 በ1080፣ ማለትም 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ይህ አምስት እጥፍ ነው። ፎር ኬ ከሆነ ደግሞ ሃያ እጥፍ ይሆናል። የጎደለውን የሚሞላው መሣሪያው በግምት ነው። እንግዲህ ዲቪዲን ኤችዲ የሚያደርግ ገመድ የለም። በዲስኩ ላይ ያለው ሳይጎድል ወደ ስክሪኑ እንዲደርስ ማድረግ ግን በእጃችን ነው። እንዴት?

1. ገመዱን ይመልከቱ። ቢጫው ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ቀላቅሎ ይልካል። ቴሌቪዥኑ እንደገና ሲለያያቸው ጥራት ይጠፋል። ማጫወቻዎ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው እርሱን ይጠቀሙ። ለአጭር ርቀት ተራው ገመድ ይበቃል፤ ውድ መግዛት አያስፈልግም። ኤችዲኤምአይ ከሌለው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የሆኑትን ሦስቱን የምስል ገመዶች ይሰኩ። የድምፁ ቀይና ነጭ ለብቻው ነው።

2. የማጫወቻውን ሴትአፕ ያስተካክሉ። በሪሞቱ ሴትአፕ ውስጥ ገብተው የቴሌቪዥኑን ዓይነት ከ4፡3 ወደ 16፡9 ይቀይሩ። የቆየ ቀረጻ በ4፡3 የተነሣ ከሆነ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ለመሙላት ቢለጥጡት ቀጭኗ ሙሽራ ወፍራ ትታያለች። በሦስቱ ገመዶች የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሮግሬሲቭ የሚለውን ያብሩ። በኤችዲኤምአይ ከሆነ 576ፒን እና 1080ፒን ተራ በተራ ይሞክሩ። በመጀመሪያው ምስሉን የሚያሳድገው ቴሌቪዥኑ ነው፣ በሁለተኛው ማጫወቻው። የተሻለውን ዓይንዎ ይመርጣል። ከአሜሪካ የተላከ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በኤንቲኤስሲ ሥርዓት፣ በ720 በ480 የተሠራ ስለሆነ የቲቪ ሥርዓቱን በፓል ብቻ ሳይወስኑ አውቶ ላይ ያድርጉት።

3. ቴሌቪዥኑን ያረጋጉ። ፒክቸር ሞድ በሚለው ሥር ቪቪድ ወይም ዳይናሚክ የሚባለው ለሱቅ ብርሃን ይስማማል እንጂ ለቤት አይሆንም። ሲኒማ ወይም ሙቪ የሚለውን ይምረጡ። ሻርፕነስ የሚባለውንም ዝቅ ያድርጉ። እርሱ የምስሉን ጠርዝ ያጎላል እንጂ የሌለ ነገር አይጨምርም፤ እንዲያውም የዲስኩን ጉድለት ያጋልጣል። ከስክሪኑ ትንሽ ራቅ ብሎ መቀመጥም ይረዳል።

4. ዲስኩን ይንከባከቡ። በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ውጭ በቀጥታ ይጥረጉ፣ ዙሪያውን አያሹት። ልብ ይበሉ፤ በኮምፒውተር የተቀዳ ዲቪዲ ምስሉን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው። ይህን ንጣፍ ፀሐይና ሙቀት ያበላሹታል። ስለዚህ የሠርግዎን ዲስክ ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡ፣ በፍላሽም ሌላ ቅጂ ያስቀምጡ። ፋይሉን ሳያሳንሱ እንዳለ ከገለበጡት ቅጂው ከዋናው በምንም አያንስም።

ውድ አንባቢ፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም ገንዘብ አያስወጡም። አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ምሽት ወስደው ይሞክሯቸው። ከዚያም ቤተ ሰቡን ጠርተው አብረው ይመልከቱ። ያንን ቀን ያላዩ ልጆችዎ አያታቸውን በመልካቸው ይወቋቸው።