ከፍሪዘር የወጣ ጎመን

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ጎመን አምሮት ሱፐርማርኬት ቢገባ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው በጎማ የታሰረው፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ዘንጉ ወፍራም የሆነው ኮላርድ ነው። እሱ ታጥቦ፣ ዘንጉ ወጥቶ፣ ተከትፎ ድስት እስኪገባ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ምሽቱ ያልቅበታል። ሁለተኛው ከፍሪዘሩ መደርደሪያ የሚነሣው፣ ታጥቦና ተከትፎ በከረጢት የታሸገው ፍሮዝን ነው። ሁለተኛውን የሚገዛው ጥቂት አይደለም፤ ገዛሁ ብሎ የሚያወራው ግን አይበዛም። እንግዳ ከመጣ ከረጢቱ ከቆሻሻ መጣያው ሥር ይቀበራል።

ኀፍረቱ ከየት መጣ ቢባል ምክንያት አያጣም። ለብዙዎቻችን ፍሪጅ ማለት የተረፈ ወጥ የሚያድርበት ቦታ ነው። ከዚያ የወጣ ነገር ትኩስ ነው ብሎ መቀበል ይከብዳል። «መድኃኒት ሳይጨምሩበት እንዴት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ጥርጣሬም አለ። ነገር ግን እዚያው ሱፐርማርኬት ውስጥ ውሃ እየተረጨለት የሚያበራውን ብሮኮሊ መቼ ተቆረጥክ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው ብሮኮሊ አብዛኛው የሚበቅለው ካሊፎርኒያ ነው። ዋሽንግተን ለመድረስ አገሩን ከዳር እስከ ዳር በመኪና ያቋርጣል፤ ከዚያ መጋዘን ያድራል፤ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ይሰነብታል፤ በመጨረሻም የኛው ፍሪጅ ውስጥ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ያደረ ምግብ ከተባለስ እሱ ምን ሊባል ነው?

አትክልትን በረዶ አድርጎ መሸጥን ለገበያ ያበቃው ክላረንስ በርድስአይ የሚባል የኒውዮርክ ተወላጅ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1912 ዛሬ የካናዳ አካል ወደሆነው ላብራዶር የሄደው የቀበሮ ቆዳ ለመነገድ ነበር። እዚያ የአገሬው ተወላጆች የሆኑት የኢኑይት ሰዎች ዓሣ ሲያጠምዱ አየ። ዓሣው ከውሃው እንደወጣ ነፋሱና ብርዱ ወዲያው ድርቅ ያደርጉታል፤ ከወራት በኋላ ቀልጦ ሲበላ ግን ያን ዕለት የተያዘ ይመስላል። በርድስአይ አንድ ነገር ልብ አለ፦ ብርዱ በጠናበት ወር በረዶ የሆነው ምግብ፣ ብርዱ ለዘብ ባለበት ወር ከቀዘቀዘው በጣዕም ይበልጣል። ልዩነቱን ያመጣው ፍጥነት ነው። አገሩ ተመልሶ በ1920ዎቹ አጋማሽ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግሎስተር በምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ምግብን እጅግ በቀዘቀዙ ብረቶች መካከል ተጭኖ በፍጥነት በረዶ የሚያደርግ ማሽን ሠራ። በ1930 እዚያው ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ፣ በስሙ የተሰየሙት ምርቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሸማች ቀረቡ። ከሥጋውና ከዓሣው ጎን አተርና ስፒናችም ነበሩበት።

ፍጥነቱ ለምን እንዲህ ወሳኝ ሆነ? የቅጠላ ቅጠል አብዛኛው ክብደት ውሃ ነው፤ ስፒናች ለምሳሌ ዘጠና በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ትልልቅና ሹል የበረዶ ቅንጣቶች ይሠራል። እነሱም፣ ሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ እንደሚፈነዳ ሁሉ፣ አትክልቱን ከውስጥ ያፈርሱታል። ሲቀልጥ ውሃው ይፈስና የተልፈሰፈሰ ነገር ይቀራል። በደቂቃዎች ውስጥ በረዶ ሲሆን ግን ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ ጉዳታቸው ይቀንሳል። ቤት ውስጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ጎመን ፍሪዘር ውስጥ ወርውረን ያወጣነው ጎመን የፋብሪካውን የማይመስለው በዚህ ነው። መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጅበታል።

አሠራሩን በአተር እንመልከተው፤ ፋብሪካው በጣም የተራቀቀው በአተር ላይ ነውና። እሸቱን አጭዶ የሚፈለፍለው ማሽን እዚያው ማሳው ላይ ይሠራል። አተሩ ፋብሪካ የሚደርሰው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከዘገየ ስኳሩ ወደ ስታርችነት ስለሚለወጥ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። ታጥቦና ተለቅሞ ወደ መፍላት በተቃረበ ውሃ ወይም በእንፋሎት ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ወዲያው ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ይበርዳል። ይህን ባለሙያዎቹ ብላንች ማድረግ ይሉታል። ዓላማው ማብሰል አይደለም። አትክልት ከተቆረጠም በኋላ ኢንዛይሞቹ ሥራቸውን አያቆሙም፤ በረዶ ውስጥም ቢሆን በዝግታ ይቀጥላሉ፤ ቀለሙን ያደበዝዛሉ፣ ቫይታሚኑን ይበላሉ፣ ሽታውን ድርቆሽ ድርቆሽ ያሰኙታል። ሙቀቱ የሚያስቆመው እነሱን ነው።

ከዚያ አተሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ተንቀሳቃሽ ወለል ላይ ይፈስሳል። ከሥር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ የቀዘቀዘ አየር በኃይል ይነፍስበታል። አተሩ ከወለሉ ተነሥቶ አየር ላይ ይንተከተካል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ከረጢቱን ሲነቀንቁት ኮሽ ኮሽ የሚለው፣ ተጣብቆ አንድ ጓል የማይሆነውም ለዚህ ነው። ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል፤ በዚያ ቅዝቃዜ ተሕዋስያን አይራቡም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ምንም ያልተቀላቀለበትን ፍሮዝን አትክልት የሚያቆየው ብርዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጤናው። ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም። በዚያ በሙቅ ውሃ ነከር ሲደረግ፣ በውሃ የሚሟሙት እነ ቫይታሚን ሲና ፎሌት በከፊል ይሄዳሉ። ምን ያህል እንደሚሄድ እንደ አትክልቱ ዓይነትና እንደ አሠራሩ ይለያያል። አሰሩና ማዕድኑ ግን እምብዛም አይነኩም። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ፍሮዝኑ ከኪሳራው ብዙውን በመጀመሪያው ቀን ይከፍላል፤ «ትኩሱ» ግን በየቀኑ ይከፍላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 የቀደሙ ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ጽሑፍ፣ ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ለሰባት ቀን የተቀመጠ አተር ከቫይታሚን ሲው 15 በመቶ ያህሉን፣ ፎሶሊያ ግን 77 በመቶውን እንደሚያጣ ጽፈዋል። ሰኞ ገዝተን ለቀጣዩ ሰኞ ያቆየነው ፎሶሊያ ማለት ነው።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት በቆሎ፣ ካሮት፣ ብሮኮሊ፣ ስፒናች፣ አተር፣ ፎሶሊያ፣ እንጆሪና ብሉቤሪን ትኩሱን ከፍሮዝኑ አወዳደረ። በቫይታሚን ሲ በአምስቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ በሦስቱ እንዲያውም ፍሮዝኑ በልጦ ተገኘ። ፍሮዝኑ በሁሉም አሸነፈ ማለት አይደለም፤ ቤታ ካሮቲን በአንዳንዶቹ ላይ በጉልህ ቀንሶ ታይቷል። እንግዲህ ወሳኙ ነገር አትክልቱ ከተቆረጠ ስንት ቀን ሆነው የሚለው ነው።

ደግሞስ የኛ አሠራር? ጎመኑን ቀቅለን፣ አረንጓዴውን ውሃ ደፍተን፣ ጨምቀን ነው ቁሌቱ ላይ የምንጨምረው። ፋብሪካው በሁለት ደቂቃ የወሰደውን ቫይታሚን የምናማው እኛ፣ በግማሽ ሰዓት ስንቱን ወደ ማጠቢያው እንደምንደፋ አናስበውም። ፍሮዝኑ አንዴ ሙቅ ውሃ የነካው ስለሆነ እንደገና ተቀቅሎ መጨመቅ አያሻውም። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በዘይት በሰል ሲል፣ ሳያቀልጡ ከነበረዶው መጨመር፣ ከድኖ በራሱ ውሃ ማብሰል፣ ቃሪያውን መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ዘይቱ ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ውስጥ በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው።

ፍሮዝን የማይሆንበትም አለ። ሰላጣ፣ ኪያርና ለጥሬ የሚቆረጥ ቲማቲም ከበረዶ በኋላ ነፍስ አይኖራቸውም። ካሮቱ ለአልጫ ይሆናል፤ እንደ ጥሬው ግን አይኮረሸምም። ብሮኮሊው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ውሃ የጠገበ ስፖንጅ ነው። በምጣድ ላይ በኃይለኛ እሳት ውሃውን ካላባረሩለት አይበላም።

ጤናን በሚመለከት እኔን የሚያሳስበኝ ከረጢቱ ውስጥ ከአትክልቱ ጋር የሚገባው ነው። እዚያው ፍሪዘር ውስጥ፣ ከጎመኑ አጠገብ፣ በዘይት ተጠብሶ የታሸገ ድንች አለ፤ በቺዝ የተለወሰ ብሮኮሊ አለ፤ በቅቤና በጨው ሶስ የተነከረ በቆሎ አለ። ሁሉም «አትክልት» ተብለው ይሸጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል። ያ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ሶስ ያለበት ከረጢት ከዚያ ላይ ቀላል የማይባል ድርሻ ይወስዳል። ተራው አተር እንኳ ጨው የሚነካው ጊዜ አለ፤ አንዳንድ ፋብሪካዎች ለጋውን ከጠነከረው የሚለዩት በጨው ውሃ አንሳፍፈው ነው። ስለዚህ ከረጢቱን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። «ኮላርድ» ብሎ የሚያበቃ ከሆነ ይውሰዱት። ዝርዝሩ አራት መስመር ከሄደ ይመልሱት።

ሌላው ጥንቃቄ ብርድ ተሕዋስያንን አይገድልም የሚለው ነው። ያስተኛል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2018 አውሮፓ ውስጥ ከሀንጋሪ ፋብሪካ በወጣ ፍሮዝን በቆሎና ሌላ አትክልት ሳቢያ ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ከ2015 ጀምሮ በአምስት አገሮች 47 ሰዎችን እንዳሳመመ፣ ከእነሱም ዘጠኙ እንደሞቱ ተገለጸ። ሊስቴሪያ ፍሪጅ ውስጥ እንኳ መራባት የሚችል ተሕዋስ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዳውም ነፍሰ ጡሮችን፣ አረጋውያንንና አቅማቸው የደከመ ሕሙማንን ነው። ምግቡን በደንብ ማብሰል ግን ይገድለዋል። ፍሮዝን በቆሎ ወይም አተር አቅልጦ በቀጥታ ሰላጣ ላይ መበተን የተለመደ ነው፤ ባይለመድ ይሻል ነበር።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይደሉም፤ ፍሮዝን ባሚያና ሙሉኪያ የሚሉት ቅጠል በዚያ ማዕድ ቤት የዘወትር ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ፍርዱ ይለያል። ጠዋት ከነጤዛው ጉሊት የወረደ ጎመን እያለ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ከረጢት በውድ ዋጋ መግዛት ምን ጥቅም እንዳለው አይታየኝም። ከዚያም መብራቱ አለ። ከሱቅ ያነሡት ከረጢት ኮሽ ኮሽ ማለቱ ቀርቶ አንድ ጓል ከሆነ፣ መንገድ ላይ ወይም መብራት ሲጠፋ ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ነው ብለው ይጠርጥሩና ይተዉት። ቤት ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሩን አለመክፈት ነው፤ ጥቅጥቅ ብሎ የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሹ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ፍሪዘር ላለው ሰው የሚሻለው ጎመን በረከሰበት ሰሞን ራሱ ማዘጋጀቱ ነው። ጎመኑን አጥበው፣ ዘንጉን አውጥተው፣ በብዙ የፈላ ውሃ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት። አዲስ አበባና ሌሎች ደጋ ከተሞች ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ አንድ ደቂቃ ይጨምሩለት። ወዲያው በረዶ ባለበት ውሃ ያቀዝቅዙት፣ ውሃውን በደንብ ያንጠፍጥፉት፣ ይክተፉት፣ በትሪ ላይ ሳሳ አድርገው ዘርግተው ፍሪዘር ያስገቡት። ሲጠነክር አየሩ በወጣለት ፌስታል፣ ለአንድ ድስት በሚበቃ መጠን ይከፋፍሉት። ፎሶሊያም እንዲሁ ነው። ሽንኩርትና ቃሪያ ሙቅ ውሃ አያስፈልጋቸውም፤ ከትፎ ማስገባት ብቻ ነው። በየፌስታሉ ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ ዓመት ሳይሞላው ይጨርሱት።