አረንጓዴ ካታሊስት፦ ሥራውን ሲጨርስ የት ይገባል?

ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተሰልፈው ያያል። የዚህ አካባቢ ፍሳሽ መዳረሻው የአቃቂ ወንዞች ናቸው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ፤ በመንገዳቸውም የጎመንና የሰላጣ ማሳ ያጠጣሉ። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ ምን እንዳመረተ ብቻ ሳይሆን አምርቶ ሲያበቃ ምን እንደደፋም መጠየቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ይኸው ጥያቄ ገና በቤተ ሙከራ ሳለ እንዴት እንደሚመለስ፣ ኮንደንሴሽን የተባለውን ኬሚካዊ አጸግብሮት ምሳሌ አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ኮንደንሴሽን ምንድን ነው?

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ኮንደንሴሽን ስንል እንፋሎት ወደ ፈሳሽነት መለወጡን፣ ለምሳሌ የማለዳ ጤዛን ማለታችን ነው። ለኬሚስቶች ግን ሁለት ሞለኪውሎች ሲጣመሩ አንድ ትንሽ ሞለኪውል፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ የሚለቁበት አጸግብሮት ነው። ፖሊስተር ጨርቅ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በጤፍ ውስጥ ያለው ስታርችም ቢሆን በእያንዳንዱ ማያያዣው ላይ አንድ የውሃ ሞለኪውል የጎደለበት የግሉኮስ ሰንሰለት ነው።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። 106 ግራም ቤንዛልዲሃይድና 120 ግራም አሴቶፌኖን ሙሉ በሙሉ ቢጣመሩ 208 ግራም ቻልኮን የተባለ ቢጫ ውሁድና 18 ግራም ውሃ ይገኛል። ከገባው ቁስ 92 በመቶ ያህሉ የምንፈልገው ምርት ሆነ፤ የቀረውም ንጹሕ ውሃ ነው። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ከቀመሩ ውጭ ባለው ነገር ላይ ነው። ይህ አጸግብሮት በተለምዶ የሚፋጠነው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በገበያ ስሙ በኮስቲክ ሶዳ ነው። ሥራው ሲያበቃ ፈሳሹ ውስጥ የቀረው ሶዳ በአሲድ ይመክናል። 40 ግራም ሶዳ ለማምከን 36.5 ግራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል፤ 58.5 ግራም ጨውም በፍሳሹ ውስጥ ይቀራል። የማሟሚያውና የማጠቢያው ፈሳሽ ሲታከልበት ሂሳቡ ይከብዳል። ሮጀር ሼልደን የተባሉት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ስሌት፣ በመድኃኒት ኢንዱስትሪ ለአንድ ኪሎ ግራም ምርት ከ25 እስከ 100 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ተረፈ ነገር ይወጣ ነበር።

የጣርማ በር ዋሻ ትምህርት

ካታሊስት አጸግብሮትን ያፋጥናል፤ ራሱ ግን አያልቅም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ ሰው በጣርማ በር ዋሻ ሲያልፍ የተራራውን ጫፍ መውጣት አያስፈልገውም። ዋሻው የደብረ ሲናን ከፍታ አልለወጠም፤ የመሻገሪያውን ዳገት ብቻ ቀነሰ። ካታሊስትም እንዲሁ የማስጀመሪያውን ጉልበት ይቀንሳል። ዋሻው በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚያስኬድ ሁሉ ካታሊስትም የሂደቱንም የመልሱንም ጉዞ እኩል ያፋጥናል፤ ሚዛኑን አያዛባም።

ካታሊስት የማያልቅ ከሆነ ለምን ይደፋል? ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር ለይቶ ማውጣቱ አድካሚ ነው። ጠጣር ካታሊስት ግን እንደ ቡና አተላ ይጠለላል፤ ታጥቦም እንደገና ይሠራል። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም በንብርብር የያዘው ሃይድሮታልሳይት ለዚህ ዓይነቱ ኮንደንሴሽን ከሚያገለግሉት ጠጣር ቤዞች አንዱ ነው።

በአገራችንም ተስፋ የሚሰጥ ጅምር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስፔን ባልደረቦቻቸው ጋር፣ አንሾ ከተባለ ስፍራ ከተገኘ ካኦሊን ወይም ነጭ ሸክላ ዚዮላይት ኤ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። የዚህ ዚዮላይት ቀዳዳዎች ስፋት 0.4 ናኖሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የውሃ ሞለኪውል ይገባባቸዋል፤ ቤንዛልዲሃይድን የመሰለ ትልቅ ሞለኪውል ግን ደጅ ይቀራል። ሊቀለበስ በሚችል ኮንደንሴሽን ውስጥ እንዲህ ያለ ጠጣር የሚወጣውን ውሃ እየመጠጠ አጸግብሮቱን ወደ ምርቱ ያደላዋል። ካታሊስት ብቻውን የማይችለውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ዚዮላይቱን ለመሥራትም ሆነ በሙቀት አድርቆ ለማደስ ሶዳና ጉልበት ይጠይቃል፤ ይህ ወጪ የሚካካሰው ደጋግመን ስንጠቀምበት ነው።

«አረንጓዴ» ሲባል

እ.ኤ.አ. በ2000 ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ያለ ምንም ብረት የአልዶልን አጸግብሮት እንደሚመራ ቤንያሚን ሊስትና ባልደረቦቻቸው አሳዩ። በዚህ ዘርፍ ሥራቸው ሊስትና ዴቪድ ማክሚላን በ2021 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ሆኖም ፕሮሊንም በፈሳሹ ውስጥ ስለሚሟሟ «በኋላስ የት ይገባል?» የሚለው ጥያቄ ለእርሱም ይነሣል።

ውድ አንባቢያን፣ «አረንጓዴ» የሚል ቃል በምርምር ርዕስ ላይ ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ካታሊስቱ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ሠራ? ምርቱን ለማጥራት ምን ያህል ፈሳሽ ፈሰሰ? ጠጣሩስ ተሸርሽሮ ወደ ፈሳሹ አልገባም? የመጨረሻውን ለመፈተን አጸግብሮቱ ገና ሳያልቅ ፈሳሹ እንደ ሞቀ ይጠለላል፤ ያለ ጠጣሩም መሥራቱን ከቀጠለ ካታሊስቱ ሾልኮ ገብቷል። ይህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በማንኛውም ቤተ ሙከራ የሚሠራ ፈተና ነው። በጠርሙስ ውስጥ ያልተለየውን ነገር በአቃቂ ወንዝ ውስጥ ለመለየት መሞከር እጅግ የከበደ ነውና።