ዘር የሚመከረው ቡና ላይ ነው

በምንጃርና ሸንኮራ፣ በአድአ፣ በበቾ ወይም በምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ስብሰባ ሲጠራ ገበሬው ይመጣል። ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከማሠልጠኛው አዳራሽ ተቀምጦ ያዳምጣል። የልማት ሠራተኛው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም አስረድቶ ሲያበቃ «ገብቷችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። «ገብቶናል» ይባላል። «ጥያቄ ያለው?» ሲል ደግሞ ዝምታ ይሆናል። ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት ሠለጠነ ተብሎ በመዝገብ ይሰፍርና ለወረዳው ሪፖርት ይተላለፋል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው የለም ማለት አይደለም። ሰዉ ጋቢውን አራግፎ ከተነሣ በኋላ መንገድ ላይ ይጀመራል፤ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅ ይቀጥላል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ከሰዓት በኋላ ጀበና ሲጣድ ይብላላል። አዲሱ ዘር ይዘራ ወይስ በጆንያው ይቆይ የሚለው ቁርጥ የሚሆነው በስብሰባው ላይ ሳይሆን በዚህ ጨዋታ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመሆኑም የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጨዋታ ነው። ለእርሻ ገጽ የማይገባ ርእስ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

እንደሚታወቀው በገጠር ቡና ለብቻ አይጠጣም። ቡናው ተቆልቶ ሲወቀጥ አንድ ሕፃን ይላካል፤ «ኑ ቡና ጠጡ ትላለች እናቴ» እያለ በየደጃፉ ይዞራል። የተጠራ ጎረቤት ሳይመጣ ቢቀር «ምን አስቀይመነው ይሆን?» ያሰኛል። ቆሎው ወይም ንፍሮው ይቀርባል፤ እጣኑ ይጨሳል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪወርድ ድረስ ሰዓቱ ሳይታወቅ ይሄዳል። በተለይም በወሩ 12፣ 19፣ 21 እና 29 ቀን፣ ማለትም በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያምና በባለወልድ ሞፈርና ቀንበር በማይነካበት አገር ቡናው ይረዝማል። አንዳንድ ባለሙያዎች እነዚህን ቀናት የባከኑ የሥራ ቀናት አድርገው ብቻ ሲያነሷቸው ይሰማል። ይህ ጸሐፊ ግን ስለ እርሻ ብዙ የሚመከረው በእነዚሁ ቀናት ይመስለዋል።

እጅም ቢሆን አይፈታም። ሴቶቹ እንዝርት ያሾራሉ፤ ሌሎቹ ስንደዶና አክርማ ይዘው ስፌት ይሰፋሉ፤ የማን አለላ ደመቀ፣ የማን ሌማት አማረ እያሉ ይተያያሉ። ወንዶቹ ጅራፍ ይገምዳሉ ወይም የተሰበረ እርፍ ያበጃሉ። ልጆቹ ከበሩ ሥር «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» ይባባላሉ። ወሬው ከዚህም ከዚያም ነው። የማን ላም ወለደች፣ የማን ልጅ ታጨች፣ እድር ላይ የቀረ ምን ያህል ይቀጣ፣ የቤት ቆርቆሮ ስንት ገባ፣ ከተማ ለትምህርት የሄደው ልጅ ደወለ ወይስ አልደወለም። ጨዋታ ጨዋታን ያነሣዋልና እርሻው በዚህ መካከል ማንም ሳይጠራው ይገባል።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን የመሰለ ንግግር ቡና ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«እትዬ፣ ያ ከማኅበሩ የወሰዳችሁት ጤፍ እንጀራው እንዴት ነው?»

«ምን እባክሽ፣ ነጭነቱስ ነጭ ነው። ግን ውኃ አያነሣም።»

በዚህች አጭር መልስ የአንድ ዘር ዕድል ሊወሰን ይችላል። ውኃ የማያነሣ ዱቄት ሲቦካ አይበረክትም፤ አንድ ቁና ዱቄት የሚያወጣው እንጀራ ያንሳል። ከዚህም ሌላ እንጀራው ዓይን ያወጣል ወይስ አያወጣም፣ ሲያድር ይለሰልሳል ወይስ ይደርቃል፣ ጭዱን በሬ ይወደዋል ወይስ ይተወዋል፣ ለግድግዳ ጭቃ ሲቦካ ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው ሁሉ ይነሣል። በሠርቶ ማሳያው ቦታ በተተከለው ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ በሄክታር ስንት ኩንታል የሚለው ነው። ኩንታሉ ትልቅ ነገር መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ኩንታል የሚቆጠረው አንድ ቀን፣ በአውድማ ላይ ሲሆን እንጀራ ግን ዓመቱን ሙሉ ይበላል።

ይህ የባለሙያ ሴት ፍርድና የገበያው ዓይን በምርምርም ዘንድ ክብደት እንዳላቸው የታየበት ታሪክ አለ። ደብረ ዘይት በሚገኘው የምርምር ማዕከል ከተለቀቁት የጤፍ ዝርያዎች መካከል በተለምዶ «ማኛ» የሚባለው ዲዜድ-01-196 ነጭነቱ ገበያ ላይ የሚወደድ ሲሆን ምርቱ ግን መጠነኛ ነበር። «ዱከም» የተባለው ዲዜድ-01-974 ደግሞ ምርቱ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ እንደ ማኛ ስላልነጣ ገበሬው በሰፊው አልተቀበለውም። ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቀሉ። ገበሬዎችም በምርጫው ተሳተፉ። ውጤቱ በ1998 ዓ.ም. «ቁንጮ» በሚል ስም ተለቀቀ። ቁንጮ ከዱከም ምርትን፣ ከማኛ መልክን በመውሰዱ በጤፍ አብቃይ ወረዳዎች በፍጥነት ሊዛመት ችሏል። ዱከም በምርት ያልተናነሰ ዘር ሆኖ ሳለ የጎደለው ነገር በሚዛን ላይ የሚታይ አልነበረም፤ በገበያና በማዕድ ላይ የሚታይ ነበር። ይህንንም ማንኛዋም ጤፍ ገዢ እፍኝ ዘግና ወደ ዓይኗ አስጠግታ ልትናገረው ትችል ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ጤፍን በመስመር መዝራት ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው ሲነገርለት የቆየው ይህ ዘዴ በሐሳቡ መልካም ነው። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ዘር ይመከራል፤ ብዙ ገበሬ ከዚህም አብልጦ ይበትናል። በመስመር ሲሆን ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይበቃል። ቡቃያው ሳይጣበቅ ስለሚያድግ አገዳው ይጠነክራል፣ ለአረምም ይመቻል። በስብሰባ ይህ ሲነገር ራስ የማይነቀንቅ የለም።

ቡና ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ላይ፣ መሬቱ በከብት ተረግጦ ጭቃ ሲሆን ነው። ያችን አሸዋ የመሰለች ፍሬ በሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር እያበጁ በእጅ ማንጠባጠብ ከብተናው ጋር የማይመጣጠን ጉልበት ይጠይቃል። «ዘሩ ይቆጠባል፤ ጉልበቱስ?» የሚለው ጥያቄ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ያሉት «የኔዎቹ በዚያን ጊዜ ዕረፍት ላይ ናቸው፣ ያግዙኛል» ይላል። ባል የሞተባት ሴት «እኔ ማንን ይዤ?» ትላለች። አንዱ ደቦ ይጠራ ይላል፤ ሌላው የደቦውን ጠላና እንጀራ ያሰላና ከዘሩ ቁጠባ ጋር ያወዳድረዋል። ወንፈል የገቡ ደግሞ ቀኑ ለማን ቀድሞ ይድረስ ብለው ይከራከራሉ፤ ዝናቡ ለሁሉም እኩል ነውና። በመጨረሻም አንዱ ከደጁ ያለችውን ማሣ ብቻ በመስመር ሊዘራ፣ ሌላው በብተናው ቀጥሎ ዘሩን ሊቀንስ ይወስናል። ይህ በሪፖርት ላይ «ዘዴውን ያልተቀበሉ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በእውነቱ ግን ሰዎቹ የቤታቸውን ጉልበት ቆጥረው የደረሱበት ሒሳብ ነው። አዲስ ነገር ጠሉ ማለት ተገቢ አይደለም።

እስከዚህ የቡናውን ጨዋታ አመስግነናል። ጉዳቱን ሳያነሡ ማለፍ ግን ሚዛን መሳት ይሆናል። ጨዋታ ሰውን ወደ አንድ ሐሳብ ይሰበስባል። የአንዱ ስንዴ ካማረ በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤቱ ሁሉ ከእርሱ ዘር ይለውጣል። አብዛኛው የገበሬ ዘር ከራሱ ጎተራ ወይም ከጎረቤት የሚገኝ በመሆኑ ይህ የተለመደ ነው። ውሎ አድሮ መንደሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ዘር የለበሰ ይሆናል። በ2002/2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በስንዴ ላይ በተነሣ ጊዜ ክፉኛ የተጎዱት «ኩብሳ» እና «ገላማ» የተባሉት፣ በዚያን ጊዜ በሰፊው የሚዘሩት ዝርያዎች ነበሩ። ዝርያዎቹ ሲለቀቁ በሽታውን የሚቋቋሙ ነበሩ፤ አዲስ የዋግ ዓይነት መጥቶ መከላከያቸውን ሰበረው። እርጥቡ የአየር ጠባይም ለዋጉ ተስማማው። ሁሉም የተወዳጁን ዘር ሲዘራ ለዋግም የተመቸ መንገድ ይሆንለታል። ሁለት ዓይነት ዘር ከፍሎ የዘራ ሰው ቢያንስ ግማሹን ሊያተርፍ ይችላል። ይህን ለቡና ሸንጎው ማስረዳት የልማት ሠራተኛው ፋንታ ነው፤ የአንዱን ማሣ ብቻ የሚያይ ጎረቤት ይህን ሊያውቅ አይችልምና።

ሌላው ጉዳት ስም ነው። በየካቲት ወር 2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ፣ በሸካ ዞን በበቆሎ ላይ አዲስ ትል ታየና በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛመተ። መጤ ተምች የሚባለው ነው። ተምች የሚለውን ስም ግን አገሩ ከዚህ በፊት ያውቀዋል። የጥንቱ ተምች በመንጋ መጥቶ ሣሩንና ቡቃያውን አጭዶ ወደ መሬት ይገባና ያልፋል። «ተምች ነው፣ ያልፋል» ማለት ለእርሱ ያስኬዳል። አዲሱ ግን አያልፍም። ከበቆሎው ሙሽራ ቅጠል ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቶ ይቀመጣል፤ የሚያወጣው እዳሪ እንደ እርጥብ የእንጨት ብናኝ በቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ መድኃኒት ቢረጭ እምብዛም አያገኘውም። ስለዚህ «ያልፋል» የምትለው አንዲት ቃል ከአቦል እስከ በረካ ከተደጋገመች ለቤተሰቡ የዓመት ቀለብ የምትተርፍ ነገር አይደለችም።

እዚህ ላይ ከአፋር ወገኖቻችን የምንማረው አለ። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። አረፍ ይሉና «ዳጉ» ይለዋወጣሉ። ከወዴት እንደመጣ፣ በመንገዱ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ፣ ግጦሹና ውኃው እንዴት እንዳለ፣ ከብቱ ጤና፣ አገሩ ሰላም መሆኑን አንዱ ለአንዱ በየተራ ይነግራል። ዋናው ቁም ነገር የሚነግረው ሰው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቶ መናገሩ ነው። የሰማ ከሆነም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ሐሰት ያወራ ሰው በባህሉ ተጠያቂ ይሆናል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስነው በዚሁ በመሆኑ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ የተሳሳተ ዳጉ መንጋን ውኃ ወደሌለበት ሊወስድ ይችላል።

በደጋውና በወይና ደጋው ቡና ላይ ይህ ሕግ ተጽፎ አይገኝም። ይሁን እንጂ መጠየቅ የሚከለክል የለም። «ተምች ገባ አሉ» ሲባል «አየህ ወይስ ሰማህ? በማን ማሣ?» ማለት ይቻላል። በ2006 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎትም የእርሻ ምክር በድምፅ ለመስጠት የታቀደ ነበር። ስልክ የያዘ ወጣት ከበሩ ሥር ተቀምጦ ሲያስተናግድ ሽማግሌዎቹ ሲያዳምጡት ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

የልማት ሠራተኛውስ? ወደ ቡናው መግባት የራሱ ሥርዓት አለው። ሳይጠሩ አይገባም። ሲጠሩም አቦሉን ጨልጦ መነሣት ነውር ነው፤ እስከ በረካ መቆየት ይገባል፤ ሦስት ስኒ እንቅልፍ የሚነሳው ባለሙያ ስኒውን ሳይሞሉለት ማስቀዳት ይችላል። ማስታወሻ ደብተር ማውጣት ጨዋታውን ወደ ስብሰባ ይለውጠዋልና ከቦርሳ ባይወጣ ይመረጣል። አልፎ አልፎ ጥቂት ጥሬ ቡና ቋጥሮ መሄድ ደግሞ የሚያስከብር ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን በስብሰባ ዝም ያለችው ሴት ቡናውን የምታፈላው እርሷ መሆኗ ነው። ወንዱ ባለሙያ ስለ ምርት ከመጠየቁ በፊት «እማማ፣ እንጀራው እንዴት ሆነ?» ቢል በስብሰባ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ያልተገኘውን መልስ ሊያገኝ ይችላል።

በቆሎ ለሚዘሩ ወረዳዎች አንባቢያን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለጎረቤት እንዲያወሩት እናስታውሳለን። ቡቃያው ከምድር ብቅ ካለ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን በማለዳ ማሣው ውስጥ ይገባል። እየተጠማዘዙ በመሄድ በአምስት ቦታ ይቆምና በየቦታው አሥር አሥር አገዳ ይታያል። የተበሳሳ ቅጠልና እርጥብ ብናኝ የሚታይበት ይቆጠራል። ሙሽራ ቅጠሉ ተገልጦ ትል ከተገኘ ግንባሩ ይታይ፤ «ለ» ፊደልን የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት ካለበት፣ ከጅራቱ አጠገብም አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ከተደረደሩ መጤው ተምች ነው። ገና ጥቂት ሳለ ትሉንም በቅጠል ላይ የተጣበቀውን እንቁላልም በእጅ ለቅሞ መጨፍለቅ ይቻላል። ከሃምሳው አገዳ ስንቱ እንደተነካ ቁጥሩን ይዞ ለልማት ጣቢያው መንገር፣ ከሰዓት በኋላም ጀበናው ሳይወርድ ለጎረቤቱ «ሰማሁ» ሳይሆን «አየሁ» ብሎ ማውራት ነው።